አሥራ አራት ቁጥር ብልቃጥ

አቃቂ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩት፣

ሰላምታዬ ከሁሉ ይቅደም። ደብዳቤሽ ዐርብ ዕለት ደረሰኝ። ፖስታ ቤት ድረስ ራሴ ሄጄ አመጣሁት፤ ጉልበቴ ዳገቱን ባይወደውም ደብዳቤ በሰው ማስመጣት አልለመድኩም። ስለ ጤናዬ ጠይቀሻል፤ ደህና ነኝ። መብራት በፈረቃ ነው፤ በጠፋብን ቀን ቶሎ እተኛለሁ፣ በመጣልን ቀንም እንዲሁ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ተግሣጽ አለኝ። ደብዳቤሽ ላይ ቀን አልጻፍሽም። የፖስታ ማኅተሙን በመነጽር አይቼ ነው መቼ እንደላክሽው ያወቅሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ብልቃጥ ላይ ቀን ስትጽፊ ኖረሽ ደብዳቤ ላይ መርሳትሽ ገረመኝ።

ሥራሽን ተረድቼው እንደሆነ እንድታርሚኝ ደግሜ ልጻፈው። እዚያ ስዊድን የምታጠኚው ባክቴሪያ ገላውን በጠቀለለበት ስስ ሽፋን ላይ የተተከሉትን ፕሮቲኖች ነው። ከእነሱ ጥቂቶቹ ተገጣጥመው እንደ ፓምፕ ይሠራሉ፤ ወደ ውስጥ የገባውን መርዝም ሆነ መድኃኒት ሳይመርጡ መልሰው ወደ ውጭ ይተፋሉ። በአሥራ አራት ቁጥር ብልቃጥ ያቆየሁልሽ የአቃቂ ወንዝ ባክቴሪያ ደግሞ ፓምፑ ያለ ማቋረጥ ይሠራል፤ ስለዚህ ሲፕሮ የሚባለውን መድኃኒት ይተፋል። ውኃው የተቀዳው በ1961 ነው። ሲፕሮ ሰው እጅ የገባው ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ከዚህ ተነስተሽ የምትዪው፣ ባክቴሪያው መድኃኒት መቋቋምን ከእኛ አልተማረም፤ መድኃኒቱ ሳይፈጠር ያውቅበት ነበር። ይኸው ከሆነ ገብቶኛል።

አሁን ጥያቄዎችሽን ልመልስ። ውኃውን የቀዱት የቤተ ሙከራው አለቃዬ አቶ ገብረጻድቅ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቀዱትም ከድልድዩ በታች፣ ታኅሣሥ 11 ቀን፣ ጠዋት ነው። እኔ ጠርሙሱን ይዤ ቆሜ ነበር። የብልቃጡን አፍ በቡሽ ደፍነን ሰም አፍስሰንበታል። ማራቢያውን፣ ማለት ባክቴሪያው የሚመገበውን የረጋ መረቅ፣ ምን ምን እንደገባበት ጠይቀሻል፤ ደብተሩ ገጽ 40 ላይ አለ፣ ደብተሩም እጅሽ ላይ ነው። የአቶ ገብረጻድቅ ፎቶግራፍ የለኝም። መነሳት አይወዱም ነበር።

ፕሮፌሰርሽ እንዲህ ያለ ንጹሕ የሥራ ደብተር አይቼ አላውቅም ማለታቸውን ጽፈሽልኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ካፖርት ግዢ።

አሰጋሽ


ስዊድን፣ ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰጋሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቀኑን እንደሚያዩልኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከሁሉ በፊት የጻፍኩት እሱን ነው። ካፖርቱንም ገዝቻለሁ።

እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጨለማ ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚሠራው። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አፌን የምከፍተው አሥራ አራት ቁጥርን ከማሞቂያው ሳወጣ ነው፤ በአማርኛ እንደምን አደርክ እለዋለሁ። ይህን ለማንም አይንገሩ። የጎረቤት ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጉሊ መነጽር የሽንኩርት ልጣጭ ያሳዩኝን ጊዜ አስባለሁ። መንካት የለም፣ ማየት ብቻ ይሉኝ ነበር።

ሥራዬን በትክክል ነው ያስቀመጡት፤ እኔ ራሴ እንዲህ አሳጥሬ መጻፍ አልቻልኩም። ጽሑፉን ወደ መጽሔቱ ልከነዋል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ግን አንድ ነገር ጠይቋል። ባክቴሪያው በቆየባቸው ዓመታት ማራቢያው ላይ መድኃኒት ተጨምሮ ያውቃል ወይ ይላል። ገጽ 40ን ላክሁለት፤ በቂ አይደለም፣ ያቆየችው ሰው በጽሑፍ ታረጋግጥ አለ። ለደንቡ ያህል ነው፤ የእርስዎን ሥራ ስለማያውቅ ነው። ምንም አልተጨመረበትም የሚል አንድ መስመር ቢልኩልኝ ነገሩ ያልቃል። የሰኔው ምረቃዬ በዚህ ጽሑፍ ላይ የቆመ ስለሆነ ነው የማስቸግርዎት።

ልጅዎ ሩት


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሩት፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አሁን ለቆኛል። መብራት ያው ነው።

የጠየቅሽኝ መስመር ይህ ነው፦

«ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ በያዝኩት የሥራ ደብተር ውስጥ በማራቢያው ላይ መድኃኒት መጨመሩ በየትኛውም ገጽ አልተመዘገበም።»

ፈርሜበታለሁ። ጾሙን ያቅልልሽ።

አሰጋሽ


ስዊድን፣ የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

እትዬ አሰጋሽ፣

ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ። በሚያዝያ ይወጣል። መጨረሻው ላይ ስምዎ አለ፤ ብልቃጦቹን አርባ ዓመት ያቆዩት ወይዘሮ አሰጋሽ ብለን ጽፈናል። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው ስሙን በአማርኛ ፊደልም እናስገባው ያሉት።

ከአዲስ አበባ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎልኝ ግማሽ ሰዓት አነጋገረኝ። ስለ አቃቂ ወንዝ ሳወራ እንግሊዝኛ ቀላቀልኩ፤ ቆርጠው እንደሚያወጡት ነግረውኛል። በመጋቢት የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይተላለፋል፤ ያዳምጡልኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ሰኔ 12 ሆኗል።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ አጭር ነበር። አመመዎት ወይስ ያስቀየምኩት ነገር አለ? እባክዎ አንድ ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

ሩት


አቃቂ፣ መጋቢት 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሩት፣

ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው። ተቀምጠሽ አንብቢው።

አላስቀየምሽኝም። አላመመኝምም። አንድ ነገር ካለ ይጻፉልኝ ብለሻል፤ አለ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት፤ በስልክ የተነገረ ነገር ፊርማ የለበትም።

አስቀድሜ ያለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርሽ። ጎረቤቴ ዳሲቱ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር አጠገብ ኪዮስክ አላት። እስረኛ ለሚጠይቁ ሰዎች ሻይ፣ ሳሙናና ስኳር ትሸጣለች። ከሳሙናው ጀርባ ደግሞ ሲፕሮና ቴትራሳይክሊን በፍሬ ትሸጣለች። ስንት ዓመት ሙሉ እቆጣታለሁ። ሁለት ፍሬ የሚውጥ ሰው ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን እያተረፈ ነው፣ ብርቱው ይራባና ነገ መድኃኒት የማይገኝለት በሽታ ይሆናል እላታለሁ። እሺ እትዬ ትላለች። ከዚያም ትሸጣለች።

ማክሰኞ ሳሙና ልገዛ ስሄድ ከሩቅ አይታኝ ሳቀች።

«የሩትን ሰማሁላት፣ እትዬ። ለካ እኛ አይደለንም። ወንዙ ነው። መድኃኒቱ ሳይመጣ ያውቅበት ነበር አለች እኮ በሬዲዮ። ስንት ዓመት በከንቱ ሲቆጡኝ ኖሩ አንቱ።»

ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ ጠባቂ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ «ዳሲቱ በነጻ ተሰናብታለች» አለ። የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ወዲያው ልጅ ያዘለች ሴት መጣችና ልጄን ያስቀምጠዋል፣ ሁለት ሲፕሮ ስጪኝ አለች። ዳሲቱ ሰጠቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኪዮስኩን እላይዋ ላይ እገለብጠው ነበር። ያን ቀን ግን የሳሙናውን ሂሳብ ከፈልኩ። ሳሙናዬን ይዤ ሄድኩ።

አሁን ስለ ማራቢያው።

አቶ ገብረጻድቅን በ1969 ከቢሯቸው መጥተው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። ከበሩ ሲወጡ ያሉኝ «ብልቃጦቹን አደራ» ነው፤ ሌላ ነገር አላሉም። በቀጣዩ ዓመት መብራት ለሳምንታት ይጠፋ ጀመር፤ ማቀዝቀዣው ቆመ። ባክቴሪያዎቹ እንዳይሞቱ በየሦስት ወሩ ወደ አዲስ ማራቢያ ማዛወር ነበረብኝ። የክፍሉ መስኮት ተሰብሮ አቧራ ይገባል፤ ከአቧራው ጋር የውጭ ባክቴሪያ ይመጣል። በሁለተኛው ዙር ከሃያ አራቱ ብልቃጦች ሦስቱ ተበላሹብኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሃያ አንዱን ስቆጥር አስታውሳለሁ።

ከወንዙ ማዶ በነበረ ክሊኒክ የምትሠራ አዚዛ የምትባል ነርስ ጓደኛ ነበረችኝ። ችግሬን ነገርኳት። ሁለት ፍሬ ቴትራሳይክሊን በመሐረብ ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ከዚያም በየዓመቱ አንድ። ፍሬውን ከፍቼ ቢጫውን ዱቄት በስንጥር ጫፍ እያነሳሁ፣ ማራቢያው ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል ጨመርኩበት። የውጭው ባክቴሪያ መግባቱ ቆመ።

የእኛዎቹ በመጀመሪያ ቀጥነው በቀሉ። አሥራ አራት ቁጥር ከሁሉ የባሰ ነበር፤ ሁለት ዙር ሙሉ ለዓይን እስኪያስቸግር ድረስ ስስ ሆኖ ቆየ። በሦስተኛው ዙር ወፍሮ በቀለ። ዳነልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ወጥቼ ለአዚዛ ነገርኳት። ምን እንዳየሁ አሁን ይገባኛል። ሌሎቹ ሞተው፣ ፓምፑ የማያቋርጠው አንዱ ተርፎ ሲራባ ነበር ያየሁት። እስከ 1981፣ ብልቃጦቹን አሽጌ ቤቴ እስካስገባኋቸው ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ በዓመት አራት ጊዜ ይህንኑ አደረግሁ። ፓምፑ መርጦ አይተፋም ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። በቴትራሳይክሊን ያበረታሁት ፓምፕ ሲፕሮንም ይተፋል። አንቺ የመረመርሽው በ1961 ከወንዙ የተቀዳውን አይደለም። እኔ ያሳደግሁትን ነው።

ለምን እንዳልጻፍኩት ትጠይቂኛለሽ። ያኔ ከመንግሥት መጋዘን መድኃኒት ያወጣ ሰው በኢኮኖሚ አሻጥር ይያዝ ነበር። ደብተሩን ደግሞ በየወሩ ካድሬው ያገላብጠዋል። ብጽፈው አዚዛን በእጄ አሳልፌ መስጠቴ ነበር። አዚዛ ከሞተች ግን ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ስለዚህ ምክንያቴ ካለቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ብልቃጦቹን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ስሰጥሽ ልነግርሽ እችል ነበር። አንቺ ደብተሩን ከፍተሽ እንዴት ያምራል አልሽ፤ እኔም ዝም አልኩ። ኋላ ፕሮፌሰርሽ ያሉት መጣ። ከዚያ ደግሞ አንቺ አለሽ። በዚህ ዓለም ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የምትጽፊልኝም ስለ አሥራ አራት ቁጥር ነው።

የታኅሣሡ መስመር ቃሉ እውነት ነው። አልተመዘገበም ነው ያልኩት፤ አልተመዘገበም። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ ነው ያንን ቃል ያገኘሁት። ስለ እሱ ምክንያት የለኝም።

ጽሑፉ ሳይወጣ ለፕሮፌሰርሽ ንገሪያቸው። ይህን ደብዳቤ ልታሳዪያቸው ትችያለሽ።

አሰጋሽ


አቃቂ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሩት፣

መጋቢት 15 ቀን የላክሁት ደብዳቤ ደርሶሽ ይሁን ጠፍቶ አላወቅሁም። ምናልባት ጠፍቶ ከሆነ ብዬ ግልባጩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ዛሬም የለዎትም አለችኝ፤ ሳልጠይቃት ነው የምትነግረኝ። ከበሩ ስገባ አይታ ራሷን ትነቀንቃለች።

ፋሲካ አልፏል። ዳሲቱ ዳቦ አምጥታልኝ ነበር። ሩት ደህና ናት ወይ አለችኝ፤ ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት።

ደርሶሽ ዝም ብለሽ ከሆነ ግን ይህን እንደ ጥያቄ አትቁጠሪው።

አሰጋሽ


ስዊድን፣ ግንቦት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

እትዬ አሰጋሽ፣

ሁለቱም ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

በደረሰኝ ቀን ማግስት ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። ጽሑፉን ሊወጣ ስድስት ቀን ሲቀረው ከመጽሔቱ መልሰን ወሰድነው። የሰኔ 12ቱ ምረቃ ቀርቷል። አንድ ዓመት ጨምረውልኛል፤ ከዚያ በላይ የለም። ሬዲዮው ጋ ደውዬ ማስተካከያ እንዲያነቡ ጠየቅሁ፤ ጊዜ ሲገኝ አሉኝ።

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው፤ እርስዎም አያምኑኝም። ያስቀየመኝ ስለ አዚዛ ያደረጉት አይደለም። በዚያ ጊዜ እኔም አልጽፈውም ነበር። የታኅሣሡን መስመር ግን አውጥቼ አነባለሁ። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው። እሱን ነው ማለፍ ያቃተኝ። ቢዋሹኝ ይሻለኝ ነበር።

ፕሮፌሰሩ የሚሉት ይህ ነው። የተጨመረው መጠን በትክክል ከታወቀ ሥራው ሌላ ሥራ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ያልነካው ባክቴሪያ ወስደን፣ እርስዎ እንዳደረጉት በትንሽ በትንሹ እየመገብን፣ በዚያው መንገድ ይሄድ እንደሆነ እናያለን። ገጽ 40 ላይ የመረቁ ልክ አለ፣ የዱቄቱ ግን የለም። በስንጥር ጫፍ የሚል መጠን ማንም አይቀበለኝም። ስለዚህ አራት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊግራም ነው፣ በስንት ሊትር? ሁለተኛ፣ በጠቅላላው ስንት ዙር ነው? ሦስተኛ፣ እጅዎ ያልነካው፣ አንድም ዙር ያልተዛወረ ብልቃጥ አለ? አራተኛ፣ በደብተሩ ውስጥ ሌላ ያልተጻፈ ነገር አለ?

ለጊዜው ስለ ሥራው ብቻ እንጻጻፍ። በቁጥር ጠይቄያለሁ፤ በቁጥር ይመልሱልኝ።

ሩት


አቃቂ፣ ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለሩት፣

ደብዳቤሽ ግንቦት 27 ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ለአንደኛው ጥያቄ ልምምድ ስላስፈለገው ነው።

አንደኛ። ሊትሩ አንድ ነው፤ ገጽ 40 ላይ ያለው ልክ ነው። ሚሊግራሙን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከዳሲቱ ቴትራሳይክሊን ገዛሁ። ለምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። ስኳር መስፈሯን ትታ «እንግዲያስ አንቱ ነዎት ያስተማሩት» አለችኝ። አዎን አልኳት። «አንቱ በዓመት አራቴ ነው» አለች፤ «እኔ በቀን ስንቴ ነው የማደርገው?» ከዚያ በኋላ በፍሬ መሸጥ ትታለች ልልሽ አልችልም። ከሳሙናው ጀርባ አንስታ ከስኳሩ ጀርባ አድርጋዋለች። ለእኔ እንዳይታየኝ ይመስለኛል።

ፍሬዎቹን ከፍቼ፣ ስንጥር አዘጋጅቼ፣ ያኔ እንዳደርገው በጫፉ እያነሳሁ መቶ ጊዜ ወረቀት ላይ አኖርኩ። እጄ አሁን ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ አይንቀጠቀጥም ነበር። ስለዚህ የተንቀጠቀጠብኝን እየጣልኩ ሌላ አነሳሁ። ሦስት የመቶ መቶ ጥቅል ሠርቼ ሳሪስ አቦ አጠገብ ያለ ወርቅ ሠሪ ጋ ወሰድኩ። ሰውየው በሚዛኑ መድኃኒት ላለመመዘን ተከራከረኝ፤ ሴትዮ ምን ሊያደርጉልኝ ነው አለኝ። ሥራው የጥናት ነው አልኩት፤ የማን ጥናት አለኝ። ስምሽን ነገርኩት። መዘነልኝ። የመጀመሪያው መቶ 0.12 ግራም፣ ሁለተኛው 0.14፣ ሦስተኛው 0.11 ሆነ። ለአንድ ጊዜ አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። ከዚህ እስከ ሲሶ ድረስ ከፍና ዝቅ ይል እንደነበር ገምቺ። ወረቀቶቹን ከነዱቄታቸው አሽጌ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ከፈለጋችሁ እልካለሁ።

ሁለተኛ። አርባ አራት ዙር። የመጀመሪያው ግንቦት 1970፣ የመጨረሻው የካቲት 1981። አንድም አልዘለልኩም።

ሦስተኛ። የለም። ሁሉንም ነክቻቸዋለሁ። አንዱን እንኳ ብረሳው ኖሮ ዛሬ ይጠቅምሽ ነበር፤ አልረሳሁም። ትጉህ ነበርኩ።

አራተኛ። እኔ ዘንድ የቀረውን የደብተሩን ግልባጭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት፤ አሥራ አንድ ቀን ወሰደብኝ። ሦስት ቦታ አለ። ገጽ 63 ላይ ሙቀቱን ሳላይ የጻፍኩበት ቀን አለ፤ እናቴ ያረፈችበት ቀን ነው። ገጽ 88 ላይ ሦስቱ የተበላሹ ብልቃጦች ተሰበሩ ይላል። አልተሰበሩም፤ የውጭ ባክቴሪያ ገብቶባቸው፣ ቁጥር ከሌለው መጠባበቂያ ብልቃጥ ነው የተካኋቸው። ቁጥራቸው 3፣ 8ና 19 ነው፤ እነሱን አትጠቀሚባቸው። ገጽ 141 ላይ ያለው ፊርማ የአቶ ገብረጻድቅ ይመስላል፤ የእኔ ነው። ያኔ እሳቸው አልነበሩም። የአለቃ ፊርማ የሌለው ገጽ ይቀደድ ስለነበር ነው።

ከነዚህ ሌላ በደብተሩ ያለው ሁሉ እንደተጻፈው ነው። ይህን ስል ቃል አልመረጥኩም።

ማስተካከያውን በሬዲዮ በየእሑዱ እጠብቃለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተነበበም። ሲነበብ ቀኑን እጽፍልሻለሁ።

አምስተኛ ጥያቄ የለሽም። ካለሽ ጨምሪ፤ እመልሳለሁ። ጥያቄው ካለቀብሽ ደግሞ እዚያ ይዘንብ እንደሆነ ጻፊልኝ። እዚህ ከትናንት ጀምሮ ይዘንባል።

አሰጋሽ